መካከለኛው ተማሪና የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት
በመቀሌ ከተማ ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር



የ12ኛ ክፍል ውጤት በተገለጸ ሰሞን በመቀሌ ከተማ መሐንዲስ የሆነ ሰው ሁሉ አማካሪ ይሆናል። ጎረቤቱ ወይም የእድሩ ጸሐፊ ልጁን አስከትሎ ይመጣና «ይኼ ልጅ ምን ቢማር ይሻላል?» ሲል ይጠይቀዋል። ጠያቂዎቹ አብዛኛውን ጊዜ የደረጃ ተማሪዎች ወላጆች አይደሉም። ቃላሚኖ ልዩ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በመግቢያ ፈተና መርጦ የሚወስዳቸው ልጆች መንገዳቸው ገና ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ የተጠረገ ነው። ምክር ፍለጋ የሚመጣው የመካከለኛው ልጅ ወላጅ ነው። ልጁም ከ600 ነጥብ 300ውን በጥቂቱ አልፎ፣ ወይም ሊደርስበት ጥቂት ቀርቶት፣ የጥርስ ሐኪም ለመሆን እንደሚመኝ አንገቱን ደፍቶ ይናገራል። ለዚህ ልጅ የሚሰጠው የተለመደ መልስ «ውጤትህ አይበቃም፤ ሌላ ነገር ፈልግ» የሚል ነው። ይህ መልስ ምን ያህል ትክክል እንደ ሆነ መመርመር የዚህ ንግግር ዓላማ ነው።

በሌላው ዓለም፣ ለምሳሌ በአሜሪካ፣ ወደ ጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት ለመግባት የሚያመለክት ሰው በቅድሚያ ኮሌጅ ይማራል፤ ቀጥሎም ለዚሁ ሙያ ብቻ የተሰናዳ ፈተና ይፈተናል፤ የመምህራኑን የድጋፍ ደብዳቤ ያያይዛል፤ ስለ ራሱ ይጽፋል፤ በክሊኒክ ከሐኪም አጠገብ ቆሞ ያሳለፈውን ሰዓት ይቈጥራል፤ በመጨረሻም ፊት ለፊት ቀርቦ ይጠየቃል። ስለዚህ ውጤቱ መካከለኛ የሆነ አመልካች የአንዱን ጉድለት በሌላው ለመሙላት ዕድል አለው። በኢትዮጵያ ግን በመሠረቱ አመልካች የሚባል ሰው የለም፤ ያለው ተመዳቢ ነው። ተማሪው ምርጫውን በተርታ ይጽፋል፣ ትምህርት ሚኒስቴር በቍጥር ይመድበዋል። ማንም አያነጋግረውም፤ ለምን የጥርስ ሐኪም መሆን እንደ ፈለገም የሚጠይቀው የለም።

ይህን አሠራር በደፈናው መንቀፍ ግን ፍትሕ አይሆንም። የድጋፍ ደብዳቤና ቃለ መጠይቅ ዘመድ ባለበት አገር ምን ሊሆኑ እንደሚችሉ ለማንም የተሰወረ አይደለም። ከእንደርታ ገጠር የመጣ የገበሬ ልጅ ከባለሥልጣን ልጅ ጋር በአንድ ወንበር ረድፍ ተቀምጦ በአንድ ወረቀት እንዲፈተን ያደረገው ይኸው ቍጥር ነው። ክርክሩ ቍጥሩ ይኑር አይኑር በሚለው ላይ ሳይሆን ምን ያህል በትክክል ይለካል በሚለው ላይ ነው። ይህ ደግሞ ከሐኪም ይልቅ የመሐንዲስ ጥያቄ ነው።

የቅርቡ ዘመን አኃዝ ይታወሳል። ተፈታኞች በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ እንዲፈተኑ መደረግ በጀመረበት በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ፈተና፣ በመላ አገሪቱ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ሲሆኑ ይህም ከመቶ 3.3 ብቻ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ከመቶ 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. ከመቶ 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ከመቶ 8.4 ሆነ። እነዚህን ቍጥሮች በጥሞና ለተመለከተ ሰው «መካከለኛ» የሚለው ቃል ትርጕሙን ይለውጣል። 310 ያመጣ ልጅ በሰፈሩ መካከለኛ ይባል እንጂ ከአገሩ ተፈታኞች አንጻር ሲታይ በላይኛው ጠባብ ጫፍ ላይ የቆመ ነው። ወላጁ ይህን ስለማያውቅ በልጁ ያፍራል።

በመቀሌ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት የተዘጉት ትምህርት ቤቶች በቅጡ ሳይከፈቱ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ተጀመረ። የመማሪያ ክፍሎች ለተፈናቃዮች መጠለያ ሆኑ። የፕሪቶሪያው የሰላም ስምምነት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ተፈርሞ፣ ትምህርት ዳግም ተጀምሮ፣ የትግራይ ተማሪዎች ለብሔራዊ ፈተና የተቀመጡት በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ነው። በአሥራ ሰባት ዓመቱ ሊፈተን ይገባው የነበረ ልጅ በሃያና በሃያ አንድ ዓመቱ ተፈተነ። በመካከሉ ደብተሩን ያቃጠለ አለ፤ ታናናሾቹን ለማብላት የቀን ሥራ የሠራ አለ፤ ጠመንጃ ይዞ የተመለሰም አለ። የዚህ ልጅ 310 እና ትምህርቱ አንድ ቀን ሳይቋረጥበት የተማረ ልጅ 310 በወረቀት ላይ አንድ ናቸው። የአንድን አግዳሚ ጕብጠት ለክቶ የተሸከመውን ጭነት ሳይጠይቅ ስለ ጥንካሬው የሚፈርድ መሐንዲስ ቢኖር ማኅበሩ ፈቃዱን እንዲመልስ ሳያስገድደው አይቀርም።

መለኪያው ራሱስ ምን ያህል ስሕተት ይሸከማል? ለስሌት እንዲመች ከስድስቱ የትምህርት ዓይነቶች እያንዳንዱ 60 ጥያቄ፣ ጥያቄውም አራት አማራጭ ይኑረው እንበል። አንድ ተማሪ 20ውን አውቆ፣ 40ውን በግምት ያጠቍር። ከግምቱ በአማካይ 10 ያገኛል፤ ድምሩ 30 ይሆናል፤ ይህም ግማሽ ነው። ነገር ግን የግምቱ ውጤት ሁልጊዜ 10 አይሆንም፤ የተለመደው መዋዠቅ ወደ 2.7 ጥያቄ፣ ከመቶ ሲሰላ ወደ 4.6 ነጥብ ነው። ስድስቱ ትምህርቶች ሲደመሩ የመዋዠቁ መጠን ከ600ው 11 ነጥብ ያህል ይሆናል። እንግዲህ ያው ልጅ፣ በያው ዕውቀት፣ በሌላ ቀን ቢፈተን 289 ወይም 311 ቢያመጣ የሚያስደንቅ አይደለም፤ ከሦስት ጊዜ አንዱን ደግሞ ከዚህም ይርቃል። በ298 እና በ302 መካከል ያለው ልዩነት ከመሣሪያው ስሕተት ያነሰ ነው። መስመር ሳይሰመር መምረጥ አይቻልምና መስመሩ ይሰመር፤ ከመስመሩ በታች በአራት ነጥብ የቀረውን ልጅ ግን «ችሎታ የለህም» ማለት መለኪያው ያላለውን መናገር ነው።

በማናቸውም የላቦራቶሪ ሥራ የአንድ መለኪያ ስሕተት ሲያጠራጥር ሁለተኛ ልኬት ይወሰዳል። ይህ ሁለተኛ ልኬት በአሁኑ አሠራር ውስጥ አለ፤ ብዙ ተማሪና ወላጅ ግን ልብ አይለውም። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ተማሪ በተለምዶ ፍሬሽማን የሚባለውን የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ትምህርት ይማራል። ሕክምና፣ የጥርስ ሕክምና፣ ፋርማሲ፣ ምሕንድስና የሚለየው ከዚያ ወዲህ ነው። በዚህ ጊዜ የመግቢያ ፈተናው ውጤት ብቻውን አይቆጠርም፤ በዩኒቨርሲቲው ውስጥ የተገኘው ውጤት አብሮ ይታሰባል፤ ለሴቶችና ለአካል ጉዳተኞች የሚደረገው ድጋፍም ይታከላል። በ310 የገባው ልጅ በመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት ጠንክሮ ከሠራ በ380 ገብቶ የተዘናጋውን ሊቀድም ይችላል። ብዙው ተማሪ ግን የመጀመሪያውን ወሰነ ትምህርት የዕረፍት ጊዜ ያደርገዋል፤ ለዓመታት ተጨንቆ ከፈተና የወጣ ወጣት ማረፍ ቢያምረው አይፈረድበትም፤ ዋጋው ግን ከባድ ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው ሌላ ነው። የትምህርት ክፍል ምደባው የሚካሄደው ተማሪው በተመደበበት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው። የጥርስ ሕክምና የሚሰጠው ደግሞ በሁሉም ዩኒቨርሲቲ አይደለም፤ ጅማና ጎንደር ከሚያስተምሩት ጥቂቶች መካከል ናቸው። ስለዚህ ልጁ የዩኒቨርሲቲ ምርጫውን ሲሞላ፣ ከቤት ስለሚርቅ ወይም ጓደኛው ሌላ ቦታ ስለ ጻፈ፣ የጥርስ ሕክምና የሌለበትን ዩኒቨርሲቲ በመጀመሪያ ተርታ ካስቀመጠ፣ ከዚያ በኋላ በመጀመሪያው ዓመት ከፍተኛውን ውጤት ቢያመጣም በሩ ተዘግቷል። መካከለኛው ተማሪ የጥርስ ሕክምናን የሚያጣው ብዙ ጊዜ በነጥብ ሳይሆን በዚህ ቅጽ ላይ ነው። ቅጹ ደግሞ ውጤት ከተገለጸ በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ በኢንተርኔት ቤት ወረፋ ላይ፣ በጓደኛ ስልክ ይሞላል። የመቀሌ ወላጅ ልጁን ከቤቱ አጠገብ ማስቀረት መፈለጉ ካለፈው ጊዜ አንጻር የሚገባ ስሜት ነው። ከመቀሌ አዲስ አበባ ብቻ ወደ 780 ኪሎ ሜትር ነው፤ ጅማ ከዚያም ያልፋል። ይሁን እንጂ ፍርሃቱና ምርጫው ተለያይተው ሊታዩ ይገባል፤ ቢያንስ ልጁ ምን እየተወ እንደ ሆነ አውቆ ይተው።

ከ300 በታች ላመጣውስ? ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የተጀመረውና ሪሚዲያል የሚባለው የአቅም ማሻሻያ ትምህርት ለመስመሩ የቀረቡትን ለጥቂት ወራት አስተምሮ እንደ ገና ይፈትናል። ይህም ሌላ ልኬት ነው፤ ያለፈው ተማሪ በቀጣዩ ዓመት ፍሬሽማን ይሆናል። የግል ኮሌጆችም አሉ፤ ነገር ግን ከመመዝገብ በፊት የጥርስ ሕክምና ለማስተማር ፈቃድ ያላቸው መሆኑን ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ የክፍያው ነገር ደግሞ ለአብዛኛው የመቀሌ ቤተሰብ የሚቀመስ አይደለም።

አንድ ነገር ግን በየትኛውም ወረቀት አይለካም፤ እርሱም እጅ ነው። የጥርስ ሐኪም በጠባብና እርጥብ ቦታ ውስጥ፣ በመስታወት ተመልክቶ፣ በሰው አካል ውስጥ ከሁሉ የጠነከረውን ነገር በሚሊሜትር ክፍልፋይ የሚቀርጽ ሠራተኛ ነው። የሚሞላው ቀዳዳ ሙሌቱን ጨብጦ እንዲይዝ፣ የቀረው የጥርስ ግድግዳም በማኘክ ጫና እንዳይሰነጠቅ አድርጎ መቅረጽ አለበት፤ ለመሐንዲስ ይህ የታወቀ ቋንቋ ነው። በአሜሪካ ለረጅም ዘመን የጥርስ ሕክምና አመልካቾች ጠመኔ እየቀረጹ ይፈተኑ ነበር፤ በኋላ ቅርጽንና ቦታን በዓይነ ልቡና በመለየት የወረቀት ፈተና ተተካ። ካናዳም ሳሙና ታስቀርጽ ነበር። በኢትዮጵያው የመግቢያ ፈተና ውስጥ የዚህ ዓይነት ነገር የለም። የዐፄ ዮሐንስ ቤተ መንግሥት በቆመባት፣ ድንጋይ ጠርቦ መገንባት ከአባት ወደ ልጅ በሚተላለፍባት በመቀሌ፣ ከአባቱ ጋር መሮና መዶሻ ይዞ ያደገ ልጅ ይህ ችሎታው በነጥቡ ውስጥ አንዲት እንኳ ቦታ አይሰጠውም። አስተማሪዎቹ የሚያገኙት ከገባ በኋላ ነው፤ ከገባ።

«መካከለኛ ውጤት ያለው ሰው አፌን እንዲከፍት አልፈቅድም» የሚል አይጠፋም። ስጋቱ መልስ ይገባዋል። ተማሪው ከገባ በኋላ በየዓመቱ ይፈተናል፤ ሲጨርስ ጤና ሚኒስቴር የሚያካሂደውን የሙያ ፈቃድ ምዘና ካላለፈ በሽተኛ ሊነካ አይችልም። ሕዝብን የሚጠብቀው በዋናነት ይህ የመውጫ በር ነው። በሌላ በኩል ሥራው ሐኪሙን እየጠበቀ ነው። በብዙ የአገሪቱ አካባቢ ሕፃን ሲያተኵሰውና ሲያስቀምጠው ገና ያልበቀለ የወተት ጥርሱ በባህላዊ መንገድ ከድዱ ተፈልፍሎ ይወጣል፤ ዐዋቂውም ሕመሙን በቅርንፉድ አስታግሦ፣ ሳይቻል ሲቀር ለነቀላ ብቻ ይመጣል። በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአይደር ሆስፒታል በጦርነቱ ወራት መድኃኒትና ደመወዝ በሌለበት ሠራተኞቹ እንዴት እንደ ቆሙ የከተማው ሰው ያውቃል፤ ያንን ያየ ወጣት ሐኪም ለመሆን ቢመኝ ምኞቱ ከምንም ተነሥቶ የመጣ አይደለም።

ይህን ጉዳይ መሐንዲሶች ከሌላው ሙያ ይልቅ ሊረዱት ይገባል። ከመቶ ሰባው ተማሪ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይግባ የሚለው ፖሊሲ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለበት ዘመን፣ ሌላ የፈለገ ብዙ ወጣት በቍጥር ተገፍቶ ምሕንድስና ክፍል ውስጥ ራሱን አገኘ። ከእነዚያ መካከል ጥሩ መሐንዲስ የወጣው አለ፤ እስከ ዛሬ በየግንባታው ቦታ ፊቱን አጥቍሮ የሚውልም አለ። ከእነርሱ አንዳንዱ ጥርስ ሲሞላ ቢውል ደስ ይለው ነበር።

ስለዚህ ለማኅበሩ የሚቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። የመቀሌ አባላት ውጤት ከመገለጹ በፊት ባለው ወር ውስጥ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ፣ ለምሳሌ በዐፄ ዮሐንስ ትምህርት ቤት፣ አንድ ከሰዓት ይመድቡ። ከጥርስ ሐኪሞች አንዱ ስለ ሥራው ይናገር፤ ከመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች አንዱ ምደባው እንዴት እንደ ተደረገለት ያስረዳ፤ የትኛው ዩኒቨርሲቲ የትኛውን የጤና ትምህርት እንደሚሰጥ በዚያው ዓመት ተጣርቶ በትልቅ ወረቀት ይለጠፍ። ወላጆችም ይጠሩ። ከዚያም ቅጹ በሚሞላባቸው ጥቂት ቀናት ከአባላቱ ኮምፒዩተርና ኢንተርኔት ያለው ቢሮውን ለአንድ ሁለት ቀን ይክፈት፤ ልጆቹ በወረፋና በጥድፊያ ሳይሆን ተቀምጠው፣ ተርታውን ሁለት ጊዜ አንብበው ይላኩት።