በቤት ውስጥ ስላለ ፍርሃት
(ስለ «ጤዛ» ፊልም ለአይከል ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



የሚያስፈራ ፊልም ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ከመቃብር የሚነሣ ሙት ነው። ዛሬ የምናገርለት ፊልም ግን ሙት አያስነሣም። ፍርሃቱ ያለው እናትና ልጆች በሚያድሩበት ቤት ውስጥ ነው። ይኸውም የጎንደር ተወላጅ የሆኑት፣ የደራሲው የገሪማ ታፈረ ልጅ፣ ኃይሌ ገሪማ የሠሩት «ጤዛ» ነው።

ኃይሌ በትልልቅ የፊልም ኩባንያዎች ሳይታዘዙ የሚሠሩ ሰው ስለሆኑ፣ ይህን ፊልም ለመፈጸም 14 ዓመት ፈጅቶባቸዋል። በ2008 እ.ኤ.አ. በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማት፣ በ2009 እ.ኤ.አ. በዋጋዱጉ የወርቅ ፈረሱን አገኙበት። ይሁን እንጂ ከመካከላችን ያየው ጥቂት ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አንበርብር በጀርመን አገር ሕክምና ተምሮ፣ በ1990 እ.ኤ.አ. አንድ እግሩን አጥቶ ወደ እናቱ መንደር ይመለሳል። እግሩን እንዴት እንዳጣ አያስታውስም፤ ሌሊት ይቃዣል። በመንደሩ ወታደሮች ወጣቶችን ለጦርነት ያፍሳሉ፤ ልጆች ዋሻ ይደበቃሉ። እናቱ ትጨነቃለች፤ ወንድሙ ግን ተምሮ ባዶ እጁን በመምጣቱ ይቀየመዋል።

ኃይሌ የአንበርብርን ያለፈ ሕይወት በቅደም ተከተል አይነግሩንም፤ ቁርጥራጩን ብቻ ያሳዩናል። ስለዚህ ተመልካቹ በእናቲቱ ቦታ ይቀመጣል፤ የሚወዱት ሰው አጠገብ እያለ ምን እንደደረሰበት አለማወቅ ምን ያህል እንደሚያስፈራ ይረዳል።

እኛም ይህን እናውቀዋለን። «እንደምነህ ልጄ?» ስንባል «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለን ነገሩን እንዘጋለን። ገመናን መሸፈን መልካም ልማድ ነው፤ ነገር ግን የሸፈንነው ቁስል ከሆነ ውስጥ ውስጡን ያመረቅዛል። በፊልሙም አንበርብርን የምትቀርበው ጨቅላዋን በመግደሏ መንደሩ ያገለላት አዛኑ ናት። እርስዋንም ያስጠለለችው ያችው እናት ናት። አንበርብር ውሎ አድሮ የመንደሩን ልጆች ማስተማር ይጀምራል።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ከጎንደር አይከል 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለዕረፍት ስንገባ ወላጆቻችን ስለ ማርክ ብቻ ቢጠይቁን፣ እኛ ከዚያ አልፈን የደረሰብንን እንንገራቸው። እነርሱም ባለፉት የጦርነት ዓመታት ያዩትን እንጠይቃቸው፤ ሲነግሩንም ሳናቋርጥ እንስማ።