ሶብር ዝምታ አይደለም



ሶብር ማለት አፍን ዘግቶ መቀመጥ የሚመስለው ካለ የቦክሰኛውን የሙሐመድ ዓሊን ታሪክ ይስማ። እ.ኤ.አ. አፕሪል 28 ቀን 1967 በአሜሪካ ሂውስተን ከተማ፣ ቬትናም ለሚዋጋው ጦር ሊመዘገብ ስሙ ተጠራ። «ሃይማኖቴ አይፈቅድልኝም» ብሎ ከቆመበት ንቅንቅ አላለም። የዓለም ሻምፒዮንነቱን ነጠቁት፤ አምስት ዓመት እስራትና 10,000 ዶላር ቅጣት ፈረዱበት። በዚያው ወር ጦርነቱን በአደባባይ ያወገዘውን ማርቲን ሉተር ኪንግንም የትግል አጋሮቹ ሳይቀሩ ወቅሰውታል።

ዓሊ አገር ጥሎ አልሸሸም፤ ድንጋይም አልወረወረም። ይግባኝ ብሎ፣ በየዩኒቨርሲቲው እየዞረ ሐቁን ተናገረ። በ1971 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረለት። ከቦክስ የታገደባቸውን የጉልበት ዓመታት ግን የመለሰለት የለም።

ሶብር ይህ ነው፤ ዋጋውን አውቆ፣ ሐቅን ተናግሮ፣ በሰላም መጽናት። አላህ ጽናቱን ይወፍቀን!