የክርስትናው መዝገብና የኩፍኝ ክትባት

(ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት በተዘጋጀ የምክክር ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ባለፉት ዓመታት ስለ ኩፍኝ ወደ እናንተ በመጣን ቁጥር የለመንነው፣ ከቅዳሴ በኋላ ስለ ክትባት ማስታወቂያ እንዲነገር ብቻ ነበር። እናንተም ፈጽማችሁታል። ነገር ግን ለሁሉም የተነገረ ቃል ለማንም እንዳልተነገረ ሆኖ አለፈ፤ የዘጠኝ ወር ሕፃን ያዘለች እናት ቃሉ ለእርስዋ መሆኑን ሳታውቅ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ጉድለቱ የእኛ ነው።

ዛሬ የምንለምነው ሌላ ነው። በየአጥቢያው የክርስትና መዝገብ አለ፤ ማስረጃ የሚጠይቅ ሰው ካልመጣ በቀር ብዙ ጊዜ አይከፈትም። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ሲጠመቁ ስማቸው ከወላጆቻቸው ስም ጋር ይጻፍበታል። በቤት የተወለደ ሕፃን በጤና ኬላው መዝገብ ላይ ላይገኝ ይችላል፤ በእኛ ዘንድ ግን ተጽፏል። የመጀመሪያው የኩፍኝ ክትባት የሚሰጠው በ9 ወር ነውና፣ ወንዱ ከተጠመቀ ከሰባት ወር ተኩል በኋላ፣ ሴቷ ከተጠመቀች ከስድስት ወር በኋላ ቀኑ ይደርሳል። ጸሐፊው ይህን ቆጥሮ ለንስሐ አባቱ ይንገር፤ ንስሐ አባት የቤቱን በር ያውቃል። ሁለተኛው ክትባት በ15 ወር ነው። ወደ መደበኛው መርሐ ግብር የገባው በ2011 ዓ.ም. ስለሆነ አንዱ ይበቃል የሚሉ ወላጆች ብዙዎች ናቸው፤ ነገር ግን በ9 ወር ከተከተቡ 100 ሕፃናት 15 ያህሉ በመጀመሪያው ብቻ በቂ መከላከያ አያገኙም። ቀኑ ያለፈበት ሕፃንም ዘግይቶ ይከተባል፤ በቁጣ አትመልሱት።

አንዲት እናት ሁለት ሰዓት በእግር ተጉዛ፣ ሌሎች ሕፃናት ስላልመጡ «በሌላ ቀን ነይ» መባሏን ነግራናለች። ዳግመኛ አልሄደችም። ልጇ ኩፍኝ ይዞት ተረፈ፤ አንድ ዓይኑ ግን አያይም። ምክንያቱ ክፋት አልነበረም። የክትባቱ ብልቃጥ ለብዙ ሕፃናት የሚበቃ ሲሆን፣ አንዴ ከተበጠበጠ ከ6 ሰዓት በላይ አይቆይም፤ ባለሙያዋም ለአንድ ሕፃን ብላ መክፈቱን ትፈራለች። ስለዚህ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር አንድ ቀን ቁረጡና በመዝገቡ ያሉትን ሕፃናት በዚያ ቀን በአንድነት ጥሩ።

ስለ ጉባኤያችንም አንድ ነገር እንጨምር። ኩፍኝ በትንፋሽ ይተላለፋል፤ የታመመው ከወጣ በኋላ እንኳ እስከ 2 ሰዓት በቤቱ አየር ውስጥ ይቆያል። ሽፍታው ከመውጣቱ 4 ቀን አስቀድሞ ይጋባል፤ በዚያን ጊዜ ትኩሳት፣ ሳል፣ ንፍጥና የዓይን መቅላት ብቻ ስለሚታይ ጉንፋን ይመስላል። ክርስትና የሚነሡት ሕፃናት ደግሞ ገና ለክትባት ያልደረሱ ናቸው። እንግዲህ ትኩሳትና ሽፍታ ያለበት ልጅ ሽፍታው ከወጣ 4 ቀን እስኪያልፍ ከሕዝብ መካከል ይለይ፤ ጠበሉም ወደ ቤቱ ይወሰድለት። «ኩፍኝ የያዘው መርፌ አይነካውም» ተብሎ ግን በጨለማ ቤት አይሸሸግ። ወደ ጤና ጣቢያ ቢወሰድ ዓይኑን የሚጠብቅለት ቫይታሚን ኤ ለሁለት ቀን ይሰጠዋል። ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ስለ ሐኪም የተናገረውን እናንተ ከእኛ በላይ ታውቁታላችሁ።

በመዝገቡ ጠርዝ የሁለቱን ክትባት ቀን የምትጽፉበት ሁለት ዓምድ ማስመር ይበቃል። ማስመሪያና እስክሪብቶ በበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ አኑረናል።