የጎደለችው ማዕዘን





«ኳድራቲክ ኢኩዌሽን» ሲባል ደብተሩን የሚከድን ልጅ በየቤታችን አለ። ቀመሩን ይሸመድደዋል፤ ከየት እንደመጣ ግን ያሳየው የለም። በዚህ ሳቢያ ሒሳብን እስከ ወዲያኛው የሚጠላ ብዙ ነው።

ከ813 እስከ 833 እ.ኤ.አ. በገዛው በኸሊፋ አል-መእሙን ዘመን፣ ሙሐመድ ኢብን ሙሳ አል-ኸዋሪዝሚ ባግዳድ ላይ የአል-ጀብርን መጽሐፍ ጻፈ። ዓላማው ለውርስ ክፍፍል፣ ለንግድና ለመሬት ልኬታ የሚያስፈልገውን ስሌት ለሰው ማቅለል ነበር። «አልጀብራ» የሚለው ስም የመጣው ከዚሁ ነው።

አንዱ ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ የአንድ ቁጥር ካሬና የቁጥሩ አሥር እጥፍ ቢደመሩ 39 ይሆናሉ። ቁጥሩ ስንት ነው?

ጎኑ ያልታወቀ ካሬ ሣሉ። 10ን ለሁለት ክፈሉት፤ 5 ነው። ወርዳቸው 5 የሆነ ሁለት አራት ማዕዘኖች፣ አንዱን በቀኝ፣ አንዱን ከታች ለጥፉ። የሁሉም ስፋት 39 ነው። ጥግ ላይ ግን ባዶ ቦታ ቀረ፤ 5 በ5፣ ማለትም 25። ሙሉት፤ 64 ይሆናል። የትልቁ ካሬ ጎን 8 ነው። 5 ሲቀነስ 3 ይቀራል። አረጋግጡ፦ 9 ሲደመር 30፣ 39።

እርሱ ከዜሮ በላይ ያለውን መልስ ብቻ ይወስድ ነበር፤ በዛሬው ትምህርት ነጌቲቭ 13ም መልስ ነው።

ወላጆች፣ ልጃችሁ «አልገባኝም» ሲል «ሰነፍ» አትበሉት። ወረቀትና እርሳስ ስጡትና ካሬውን ይሣል። ብዙ ጊዜ የጎደለችው አንዲት ማዕዘን ብቻ ናት።