ሁለት ወንበር፦ ድሬዳዋና የእኛ ድምፅ

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ለአባላትና ለደጋፊዎች የቀረበ ንግግር)



ዛሬ ስለ ቁጠባም ስለ ብድርም አንናገርም፤ የምንናገረው ስለ ምርጫ ክልላችን ነው። ርዕሱ በኮሚቴ ሲነሳ ከመካከላችን አንዷ «ፓርላማው አዲስ አበባ፣ የእኔ ሳምቡሳ ታይዋን፤ ምን አገናኛቸው?» አለች። ሁላችንም ሳቅን። ሳቁ ሲያበቃ ግን መልስ ያላት ጠፋች። ይህ ንግግር እንግዲህ በተለይ ለእሷ ነው። ዛሬ ፊት ለፊት ተቀምጣለች፤ ስሟን አንጠራም።

ለእንግዶቻችን አንድ ነገር እናስረዳ። ታይዋን ስንል አገሩን ማለታችን አይደለም። ልብሱ፣ ሽቶው፣ ስልኩና ቴሌቪዥኑ የሚሸጥበት የድሬዳዋ ገበያ ነው፤ ስሙንም ያገኘው ከዕቃው ነው ይባላል። ከአባሎቻችን ብዙዎቹ በዚያው ገበያ ዙሪያ ሻይ ያፈላሉ፣ ምግብ ያቀርባሉ፣ ልብስ ዘርግተው ይሸጣሉ።

ከተማችን የባቡር ልጅ ናት። ከጂቡቲ የተነሳው ሐዲድ ወደ ሐረር ተራራ መውጣቱ ከባድ ስለሆነ ከግርጌው ባለው ሜዳ ላይ ቆመ፤ ባቡሩም በ1895 ዓ.ም. ደረሰ። ቦታው «አዲስ ሐረር» ተብሎ ቢሰየምም ሕዝቡ ድሬዳዋ ማለቱን አልተወም። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ስለሆነ ለዓመታት የመስመሩ መጨረሻ እኛው ነበርን። ኦሮሞውና ሶማሌው በአካባቢው ነበሩ፤ አማራው፣ ጉራጌው፣ አደሬው፣ ዐረቡ፣ ሕንዱ፣ ግሪኩና አርመኑ ደግሞ ባቡሩን ተከትሎ መጣ። ከደቻቱ ወንዝ ወዲህ ከዚራ፣ ወዲያ መጋላ ተቆረቆሩ። ዛሬም አንዲት የድሬ ነጋዴ በአንድ ሽያጭ ውስጥ ሦስት ቋንቋ ብታቀላቅል የሚደነቅ የለም።

ወደ ምርጫው እንምጣ። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት 21 ዓመት ለሞላው ሁሉ፣ ለሴትም ለወንድም፣ የመምረጥ መብት ሰጠ። ከ30 ሺህ ሰው በላይ ያለው ከተማ የራሱ እንደራሴ እንዲኖረውም ደነገገ። የመጀመሪያው ምርጫ ሲካሄድ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። ለመመረጥ ግን ንብረት ማሳየት ግድ ነበር፤ የጉልት ቸርቻሪ እናቶቻችን ድምፅ ከመስጠት አልፈው የሚሄዱበት መንገድ አልነበረም። ያ ፓርላማ በ1967 ዓ.ም. ተበተነ። ደርግ ብሔራዊ ሸንጎን ሲያቋቁም፣ በ1980 ዓ.ም. ድሬዳዋ ከአምስቱ ራስ ገዝ አስተዳደሮች አንዷ ተባለች። ያም ብዙ አልቆየም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ብዙዎቻችን በዓይናችን አይተነዋል። በሽግግሩ ዘመን ኦሮሚያም ሶማሌም «ትገባኛለች» አሉ፤ ከተማዋ በፌዴራሉ መንግሥት ሥር እንድትሆን ተደረገ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 47 የክልሎች ዝርዝር ውስጥ ድሬዳዋ የለችም። አዲስ አበባ በአንቀጽ 49 የራሷን ቦታ አግኝታለች። እኛ ግን ቻርተራችንን ያገኘነው በ1996 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 416 ነው። ይህን አዋጅ ያወጣው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ከአዲስ አበባ በቀር የሌላው ከተማ ቻርተር ወይም ሕግ ከክልሉ ምክር ቤት ይወጣል፤ የእኛ የልደት ወረቀት ያለው ፓርላማው እጅ ላይ ነው። በከተማው ውስጥ ሥልጣን በ«40፣ 40፣ 20» ስለመከፋፈሉ ብዙ ተወርቷል፣ ብዙም ተጨቃጭቀናል። ስለ ሁለቱ የፓርላማ ወንበሮች ግን ያን ያህል ስንነጋገር አልሰማንም፤ በእኛ አስተያየት ይህ ስህተት ነው።

አዎ፣ ከ547 ወንበር የእኛ ሁለት ነው። በ1999ኙ ቆጠራ የድሬዳዋ ሕዝብ 341,834 ነበር። ለሁለት ሲካፈል ለአንድ እንደራሴ 171 ሺህ ሰው ገደማ ይደርሰዋል። በዚያው ቆጠራ የአገሪቱ ሕዝብ 74 ሚሊዮን ያህል ስለነበር የአገሪቱ አማካይ ወደ 135 ሺህ ይሆናል። የእኛ እንደራሴ ሸክሙ ከበድ ይላል ማለት ነው። «የከተማ ምርጫ ክልል» ቢባልም ሁሉም ከተሜ አይደለም፤ ያን ጊዜ ከሦስት ነዋሪ አንዱ ገደማ የገጠር ሰው ነበር። ማለዳ ቀፊራ ወተትና አትክልት ይዘው የሚመጡት እህቶቻችን የዚሁ ምርጫ ክልል ሰዎች ናቸው። ሌላም አለ፤ የፌዴሬሽን ምክር ቤት አባላትን የሚልኩት የክልል ምክር ቤቶች ናቸው። ድሬዳዋ ክልል ስላልሆነች እንደ ከተማ ወደዚያ የምትልከው ሰው የላትም። ስለዚህ ያሉን እነዚያ ሁለቱ ብቻ ናቸው።

አሁን ወደ ሳምቡሳዋ እንመለስ። የዚህን ከተማ ሴት ኑሮ የሚያናጉትን ነገሮች አንድ በአንድ ብንቆጥር፣ ትልልቆቹ ከማዘጋጃ ቤቱ አቅም በላይ ናቸው።

መጀመሪያ ውኃው። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ደቻቱ ሞልቶ ሲመጣ ከ250 ሰው በላይ ወሰደብን፤ ሺዎችን ያለ ቤት አስቀረ። ከመካከላችን በዚያች ሌሊት ልጆቿን ተሸክማ የሮጠች አለች። ዛሬም ደመና ሲከብድ አትተኛም፤ በጎርፉ ሰሞን አባላት ተራ ገብተን እናድርላታለን። ውኃው ግን ከተማው ላይ አልዘነበም፤ የወረደው ከምሥራቅ ሐረርጌ ደጋ ነው። ያ ደጋ ደግሞ ኦሮሚያ ነው። የእኛ አስተዳደር ወንዙ ዳር ግንብ መሥራት ይችላል፤ እዚያ ላይ ዛፍ እንዲተከልና እርከን እንዲሠራ ማዘዝ ግን አይችልም። የደጋው ተወካይና የእኛ ተወካይ በአንድ አዳራሽ የሚቀመጡት ፓርላማ ውስጥ ነው።

ሁለተኛው ባቡሩ ነው። አሮጌው ባቡር ከተማ መሃል ይገባ ነበር። ለገሃሬ ላይ ሲያፏጭ ሻይ የምታፈላዋም፣ ሻንጣ የሚሸከመውም፣ ከጂቡቲ መስመር ጨርቅ የምታመጣዋም እንጀራዋን ታገኛለች። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መስከረም 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ ተሠራ። ባቡሩን አንቃወምም፤ አገር ይጠቅማል። ግን ጣቢያው ሲርቅ የጣቢያ በር ላይ የነበረችው ሴት ምን እንደምትሆን የጠየቀላት ማነው?

ሦስተኛው ጉምሩክ ነው፤ ይህ ለታይዋን የሞት የሽረት ጉዳይ ነው። ምን ቀረጥ እንደሚከፈል፣ የትኛው ዕቃ ሕጋዊ፣ የትኛው ኮንትሮባንድ እንደሆነ የሚወስነው የፌዴራል ሕግ ነው። በሕጉ መሠረት መነገድ እንፈልጋለን፤ ነገር ግን አሥር ሸሚዝ ይዛ የተያዘች ሴትና ሙሉ መኪና የጫነ ሰው በአንድ ዓይን ሲታዩ ያማል። ነሐሴ 2014 ዓ.ም. የአገሪቱ የመጀመሪያ ነፃ የንግድ ቀጠና እዚሁ ከተማችን ተከፈተ። ለትልልቅ ነጋዴዎች መልካም በር ነው። በዚያ በር ትንሿ ነጋዴ የምትገባበት ሕግ ይውጣ ብሎ የሚጠይቅልን እንደራሴ ያስፈልገናል።

በሕገ መንግሥቱ እንደራሴው የመላው ሕዝብ ተወካይ ነው፤ የመራጩን አመኔታ ያጣ እንደሆነም ከቦታው ሊነሳ ይችላል። ለዚህ ግን መጀመሪያ መራጭ መሆን ያስፈልጋል። እዚህ ላይ የራሳችንን ጉድ እንናገር። ከአባሎቻችን መካከል በደባልነት የሚኖሩ፣ አከራያቸው «በእኔ ቤት አትመዘገቢም» ያላቸው አሉ። አንዷ እህታችን የነዋሪነት መታወቂያ ለማውጣት አራት ጊዜ ተመላልሳ «አከራይሽን ይዘሽ ነይ» ተብላ ተመልሳለች። አሥራ አንድ ዓመት እዚህ ኖራለች፤ ሁለት ልጆች ወልዳለች። የምርጫ ሕጉ ከመራጭ የሚጠይቀው 18 ዓመት መሙላትና በምርጫ ክልሉ 6 ወር መኖርን ነው። አሥራ አንድ ዓመት የኖረችው ግን መኖሯን የሚያሳይ ወረቀት አጥታ በሁለቱም ወንበር ላይ ድምፅ ሳትሰጥ ቀርታለች።

ስለዚህ ኮሚቴው የወሰነውን እንንገራችሁ። መታወቂያ የሌላቸውን አባላት ስም እየመዘገብን ነው። ማክሰኞ ጠዋት ብቻዋን የምትሄድ አትኖርም፤ አሥር አሥር ሆነን አብረን እንሄዳለን። ከአከራዮች ጋር የሚነጋገሩ ሦስት ትልልቅ እናቶችን ከዕድራችንና ከአፎቻችን መርጠናል። ደጋፊዎቻችንን የምንለምነው ገንዘብ አይደለም፤ ለማመልከቻውና ለደብዳቤው የሕግ ባለሙያ ግማሽ ቀን ነው። ለሁለቱ እንደራሴዎቻችን የምንጽፈውን ደብዳቤ ደግሞ እዚሁ አንብበን እናጸድቃለን፤ ጎርፉ፣ ጣቢያውና ጉምሩኩ ተጽፈዋል፤ የቀረ ካለ ጨምሩበት።

መዝገቡ በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ነው። ቡናውም ደርሷል፤ ሳምቡሳው የማን እንደሆነ ታውቃላችሁ።