ፈቃድና ዕረፍት



ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ከመጠቃለላቸው አስቀድሞ የፋብሪካ ከተሞች ነበሩ፤ ዛሬም ናቸው። በዚያ የምንሠራ መሐንዲሶች አንዱ ዋና ተግባራችን የፋብሪካው መኪና ከመሰበሩ በፊት በወቅቱ አቁሞ መጠገን ነው። ኩሽኔታው ግራሶ የሚቀባበት፣ ቦይለሩ የሚፈተሽበት ቀን አስቀድሞ በሰሌዳ ላይ ይጻፋል። የሰው ዕረፍት ግን በሰሌዳችን ላይ ሲጻፍ እምብዛም አይታይም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሰበታ ውስጥ በምሠራበት ፋብሪካ፣ በዕድሜ የሚበልጡኝ አንድ መካኒክ የዓመት ፈቃድ ሊጠይቁ ወደ ቢሮዬ መጡ። «ለምን ፈለጉት?» አልኋቸው። «ለማረፍ ነው» አሉ። «ሌላ ምክንያት ከሌለዎት፣ ሥራው ቀለል ሲል እናየዋለን» ብዬ መለስኋቸው። በሳምንቱ ተመልሰው አጎታቸው ማረፋቸውን ነገሩኝ። «እግዚአብሔር ያጽናዎት» ብዬ ወዲያው ፈረምሁ። ቆይቶ ግን የሞተ ሰው እንዳልነበረ ሰማሁ። ልገሥጻቸው ተነሥቼ ነበር፤ ነገሩን ባወጣ ባወርደው ግን ሐሰቱን ያስተማርኋቸው እኔው ራሴ ሆኜ ተገኘሁ።

ቋንቋችንም ይመሰክራል። የዓመቱን ዕረፍት «ፈቃድ» እንለዋለን፤ ፈቃድ ደግሞ ከአለቃ የሚለመን ነው። «ዐረፉ» ሲባል ስንሰማም አስቀድሞ የሚታሰበን ሞት ነው። ለልቅሶ፣ ለሠርግ፣ ለመስቀል አገር ቤት ለመግባት ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው አያፍርም፤ የሚጠይቀው ለሌላው ነውና። ለራሱ የሚጠይቅ ግን ሰነፍ እንዳይባል ይሠጋል። ከዚህም ሌላ ባዶ እጅን አገር ቤት መግባት ነውር ስለሆነ፣ የቡናና የስኳር፣ የልብስም መግዣ ያላገኘ ሠራተኛ ጉዞውን ከዓመት ዓመት ያስተላልፋል።

ይህን ስል ባህላችንን መንቀፌ አይደለም። በሐዘን ቀን ጎረቤቱን የማይተው ሕዝብ የሚመሰገን ነው። ጉድለቱ የሰውን ሐዘን ምክንያት ብለን ስንቀበል፣ የሰውን ድካም ግን አለመቀበላችን ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት፣ ከዚያም በየሁለት ዓመቱ አንድ የሥራ ቀን እየጨመረ ይሰጣል። ሠራተኛው ይህን መብቱን ለመተው ቢስማማ እንኳ ስምምነቱ ዋጋ የለውም። ለቅርብ ዘመድ ሞት የሚሰጠው የ3 ቀን ፈቃድም ከዚህ የተለየ ነው። ስለ ዓመት ፈቃዱ «ለምን ፈለጉት?» የምንለው እኛ እንጂ አዋጁ አይደለም።

ስለሆነም ሦስት ነገር አሳስባለሁ፦ የፈቃዱ ሰሌዳ ከጥገናው ሰሌዳ ጎን ይሰቀል፤ ከቅጹ ላይ «ምክንያት» የሚለው መስመር ይፋቅ፤ ደግሞም አለቃው አስቀድሞ ይውጣ፤ አለቃው ሳያርፍ ሠራተኛው ሊያርፍ አይደፍርምና።

በክፍላችን ያ መስመር ተፍቋል። በዘንድሮው ሰሌዳ የመጀመሪያው ስም የእኔ፣ ሁለተኛው የእኒያ መካኒክ ነው። አጎታቸውም፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሕይወት አሉ።