የእንግዳ ገንዘብ በላስ ቬጋስ

የእንግዳ ገንዘብ ማለት ጎብኚ ከሌላ አካባቢ ይዞት መጥቶ የሚያወጣው ገንዘብ ነው። በአሜሪካ የኔቫዳ ግዛት የምትገኘው ላስ ቬጋስ በአብዛኛው የምትኖረው በዚህ ነው። ኔቫዳ ቁማርን ሕጋዊ ያደረገችው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1931 ነበር።

የእንግዳ ገንዘብ የመስኖ ውሃን ይመስላል። ከዋናው ቦይ ገብቶ ከመደብ መደብ እየተላለፈ ያጠጣል። እንግዳው ካዚኖ ሲጫወት ካርታ አዳዩ ደመወዝ ያገኛል። ሆቴል ሲያድር አልጋ አንጣፊዋ ይከፈላታል። ከአውሮፕላን ማረፊያ ያመጣው የታክሲ ሹፌርም በዚያው ገንዘብ ኪራዩን ይከፍላል፤ በከተማዋ በዚህ ሥራ የሚተዳደሩ ኢትዮጵያውያን ጥቂት አይደሉም። ሹፌሩም ማታ ከሰፈሩ ሱቅ እንጀራ ይገዛል። ግዛቷ ደግሞ ከካዚኖ ገቢ ግብር ትሰበስባለች፤ ከነዋሪው ደመወዝ ግን የገቢ ግብር አትወስድም።

ታዲያ ውሃው ይሰርጋል። ትርፉ ሌላ አገር ላሉ ባለአክሲዮኖች ሲሄድ መደቡ ያን ያህል አይረጥብም። ቁማርተኛው የከተማዋ ነዋሪ ሲሆን ደግሞ የባሰ ነው፤ አዲስ ውሃ አልገባም፣ ከአንዱ ቤተሰብ ጓዳ ተቀዳ እንጂ።

ዋናው ቦይ የሚደርቅበት ጊዜም አለ። በ2020 በኮሮና ምክንያት ካዚኖዎቹ ተዘጉ። የእንግዳ ገንዘብ ቆመ፤ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ኔቫዳ ከአሜሪካ ግዛቶች ሁሉ የከፋውን ሥራ አጥነት አስመዘገበች።